ሰንበቶ ላይ የተሠራው ፎቅ

ሰው አንድ ነገር ተጠይቆ መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ አልወጣ ሲለው ወዴት እንደሚያይ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ጠያቂውን አያይም። ኮርኒስ ያያል። ኮርኒስ ከሌለ ሰማይ ያያል። ሰማዩን ፎቅ ከጋረደበት ደግሞ የጎረቤት ግድግዳ ላይ አፍጥጦ የራሱን ነገር ይፈልጋል። ተማሪ ሳለን የሒሳብ አስተማሪያችን ይህን ነገር አይወዱትም ነበር። ጥያቄ ቀርቦለት ዓይኑን ወደ ላይ የሰቀለውን ሁሉ «መልሱ ኮርኒሱ ላይ አልተጻፈም!» ይሉት ነበር። እውነታቸውን ነው፣ ኮርኒሱ ላይ ዝናብ ከሳለው ቡናማ ካርታ በቀር ምንም አልነበረም። ዳሩ ግን እሳቸውም ጠመኔያቸውን የት እንዳስቀመጡት ሲጠፋባቸው ያንኑ ካርታ ሲያጠኑ በዓይኔ በብረቱ አይቻቸዋለሁ።

ባለቤቴ ከዚህ ትለያለች። እሷ የጠፋ ዕቃ የት እንዳለ ለማስታወስ ስትሞክር የምታየው እኔን ነው።

እኔ ይህን ሁሉ እንደ ቀልድ ሳየው ኖሬ፣ ልጄ ሜሮን ግን ሥራዬ ብላ ያዘችው። ሥራዬ ብላ ስል የእውነቴን ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምታጠናው፣ ሰው ያለፈ ነገር ሲያስታውስ ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድና አንጎሉ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ነው። መጀመሪያ ስትነግረኝ «ለዚህም ዲግሪ ይሰጣል?» ብዬ አስቀይሜያት ነበር። ለካሳ ይሁነኝ ብዬ አንድ ቅዳሜ የሙከራ ሰው ልሆንላት ሄድኩ። ሽቦ የተተከለበት ቆብ አጠለቀችልኝ፤ ከቆቡ በፊት ራሴን የሚያሟልጭ ነገር ለቀለቀችው፤ ጠጉር የሌለኝ መሆኔ ለሥራዋ እጅግ ምቹ መሆኑን ነግራ አመሰገነችኝ። በሕይወቴ ለመላጣዬ የተመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ዓይኔን የምትከታተል ካሜራ ፊቴ ተደቀነች። ስክሪኑ ላይ በአንዱ ጥግ ፍየል፣ በሌላው ጃንጥላ፣ በሌላው ጀበና መጣ። ጠፋ። ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ሳለ ልጄ «ፍየሏ ቀንድ ነበራት?» አለችኝ። ነበራት አልኩ። በኋላ ስታሳየኝ፣ ስለ ፍየሏ በተጠየቅኩ ቁጥር ዓይኔ ሮጦ ሄዶ ፍየሏ በነበረችበት ባዶ ጥግ ላይ ሲቆም ተመዝግቧል። ሐሰት ነው ብዬ ተከራከርኩ። ማሽኑ ግን የማንም ዘመድ አይደለም።

«አባዬ፣» አለችኝ፣ «አንጎል አንድን ነገር ሲያስታውስ፣ መጀመሪያ ሲያየው የነቃው ክፍል መልሶ ይነቃል። ዓይንም አብሮት ይሄዳል። ዕቃው ባይኖርም ቦታውን ያውቀዋል። አንዳንዴ ቦታውን ስትከለክለው ማስታወሱም ይከብደዋል።»

ማታ ይህን ለባለቤቴ ስንተርክላት ምግቧን ሳታቋርጥ ሰማችንና፣ ይህ ሰውዬ ባዶ ቦታ ላይ አፍጥጦ እንደሚውል ለማወቅ ያ ሁሉ ሽቦ ምን አደረገ፣ እኔን አትጠይቂኝም ነበር ወይ አለቻት።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የሟች ወንድሜ የግርማ ልጅ ዳዊት ሚስት ሊያገባ ተነሣ። ልጅቷ ሕይወት ትባላለች፤ የሜሮን የቅርብ ጓደኛ ናት፣ ያስተዋወቀቻቸውም ሜሮን ናት። ልጆቹ ተዋደዋል፣ ተስማምተዋል፤ የቀረው ሽማግሌ መላክ ነው። አባት ስለሌለው የአባቱ ቦታ በእኔ ላይ ወደቀ። የሽምግልናው አለቃ ደግሞ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ካራ የሚኖሩት ጋሽ ቢራቱ ሆኑ። አንድ ቄስም ሊጨመሩ ነበር፤ በዕለቱ ቀብር ገጥሟቸው ቀሩ።

ችግሩ ወዲህ ነው። የሕይወት አባት አቶ ለገሠ ገር ሰው ናቸው፣ ከእሳቸው በኩል ነገሩ አልቋል። ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ጌጤ ግን ሰባት ቤት ሳይቆጠር የወንድሜ ልጅ አትሰጥም ብለዋል የሚል ወሬ አስቀድሞ ደረሰን። አልፈረድኩባቸውም። የእኛም የእነሱም ዘር ከካራ እስከ ሰንዳፋ ሲያርስ የኖረ ገበሬ ነው። በዚያ አገር ድንጋይ ብትወረውሩ የምትመቱት ዘመድ ነው። እስከ ሰባት ቤት ድረስ አንድ የጋራ አያት ከተገኘ ደግሞ ልጆቹ ወንድምና እህት ተባሉ ማለት ነው፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ዳዊት ይህን ካወቀ ጀምሮ እህል አልወርድለት ብሎ አንገቱ እንደ ጤፍ አገዳ ቀጥኖ ነበር።

እኔ ብጠየቅ የማውቀው እስከ አያቴ እስከ ነገዎ ነው። የከተማ ሰው ሁሉ እንደዚሁ ነው፤ መታወቂያ ላይ የአያት ስም ከተጻፈ በኋላ ቦታ ያልቃል፣ እኛም እዚያው አለቅን። ጋሽ ቢራቱ ግን ሌላ ናቸው። ልጅ ሆነው ከአባታቸው ጋር ሲያርሱ የተማሩትን፣ ካራ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በኦሮምኛም በአማርኛም እንደ ውሃ ያወርዱታል። በሜሮን መኪና የአቶ ለገሠ ቤት ወዳለበት ወደ የካ አባዶ ስንሄድ ስለ ሰባቱ ብጠይቃቸው ተቆጡ። ሰባት ምን ቁም ነገር ነው፣ አሥራ ሁለትም ቢሉኝ አልደነግጥም አሉኝ። አልደነገጡምም። ፈተናው ገና ነበራ።

አቶ ለገሠ ያሉት ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ጨርሰን፣ ትንፋሻችንን ሰብስበን፣ እንደ ወጉ በር አጠገብ ቆመን፣ «ግቡ ተቀመጡ» ሲባል ተቀመጥን። ሜሮን ወደ ሕይወት ወደ ማዕድ ቤት አለፈች። ሳሎኑ ሶፋና ቡፌ ሞልቶታል፤ ከፊት ለፊታችን ግድግዳውን የሸፈነ ቴሌቪዥን አለ። ድምፁ ተዘግቷል እንጂ በአማርኛ የሚተረጎም የውጭ ድራማ እየታየ ነበር። የመጣንበትን ጉዳይ በሚገባው ቋንቋ አቀረብኩ። አቶ ለገሠ ደስ አላቸው፣ ከዚያ ቀና ብለው ወደ እህታቸው አዩ።

ወይዘሮ ጌጤ ትንሽዬ ሴት ናቸው። ግን ሲቀመጡ ጀርባቸው ሶፋውን አይነካም። ቀድመው የእነሱን ወገን ቆጠሩ፤ «ለገሠ፣ ወልዴ፣ ቱፋ፣ በዳኔ፣ ጉርሙ፣ አያና» ብለው ቀና አሉና «ጅማ» ሲሉ ጨረሱ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ጋሽ ቢራቱ ዘረጉ፣ እስኪ እናንተስ እንደ ማለት።

ጋሽ ቢራቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ግርማ፣ ደበሌ፣ ነገዎ...» አሉ። ቆሙ።

ዓይናቸው ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ሄደ። እዚያ ቦታ ላይ ቴሌቪዥኑ አለ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንዲት መልከ መልካም ሴት ወንበር ይዛ እያለቀሰች ነው። ጋሽ ቢራቱ ሴቲቱን አዩ። ዓይናቸውን መለሱ፣ «ነገዎ...» አሉ፣ ዓይናቸው እንደገና ሄደ፣ ሴቲቱ አሁንም ታለቅሳለች። ሦስተኛም ሞከሩ። በዚህ መሐል ሴቲቱን ያስለቀሳት ባል መጣና እሱን ማየት ግድ ሆነ።

አቶ ለገሠ መልካም አስተናጋጅ ናቸውና ጎንበስ ብለው በአክብሮት «ድምፁን ልጨምርልዎት?» አሏቸው።

ያን ሰዓት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ቅር አይለኝም ነበር። ቴሌቪዥኑ ተዘጋ። አልረዳም። ጥቁር መስተዋት ሆነና ጋሽ ቢራቱ የነገዎን አባት ሊፈልጉ በሄዱ ቁጥር የሚያገኙት ጋቢ የለበሰ፣ አፉን የከፈተ ቢራቱን ሆነ። ላብ ግንባራቸው ላይ ወጣ። ወይዘሮ ጌጤ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉና፣ ዘሩን ቆጥሮ የማይጨርስ ቤተሰብ ወይ የረሳ ወይ የደበቀ ነው፣ የረሳ እንደሆነ ያሳዝናል፣ የደበቀ እንደሆነ ግን... ብለው ተዉት። የተዉት ነገር ካሉት ይበልጥ ከበደኝ። የዳዊት ቀጭን አንገት ፊቴ ላይ መጣብኝ። ወንድሜ ይህን ልጅ አደራ ብሎኝ ነው የሞተው፤ አሁን እኔ አንድ ያረጀ ስም አጥቼ ሙሽራውን ባዶ እጁን ልመልሰው ነው።

ከማዕድ ቤቱ በር ሜሮን ዓይኗን ተክላ ስታየን ኖሯል። ፎጣዋን እንደያዘች መጥታ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«አባዬ፣ ጋሼ ካራ ቤታቸው ሲቆጥሩ ወዴት ነው የሚያዩት?»

አሰብኩ። እኔም ያኔ ወዴት አየሁ መሰላችሁ፣ ኮርኒስ። «ደጃፍ ላይ ተቀምጠው... ወደ ተራራው» አልኳት።

«ታዲያ ተራራውን ስጧቸዋ።»

ነገሩን ለአቶ ለገሠ ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ሜሮን ስለ ዓይንና ስለ አንጎል በትሕትና ገለጸች፤ ጋሼ እነዚህን ስሞች የተማሩት ከእንጦጦ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚወርደውን ሸንተረር እያዩ ስለሆነ፣ ሸንተረሩን ሲያዩ ስሞቹም ይመጣሉ አለች። ወይዘሮ ጌጤ ከዚህ በፊት ሽማግሌ ውሃ ሲጠይቅ አይቻለሁ፣ ተራራ ሲጠይቅ ግን የመጀመሪያዬ ነው አሉ። ግን ተነሡ። ለመታዘብም ቢሆን መነሣት ያስፈልጋል።

በረንዳው ለአንድ ሰውና ለአንድ ከረጢት ሽንኩርት ተብሎ የተሠራ ነው። እኛ አራት ሆነን፣ ከሽንኩርቱ፣ ከዲሹና ከተሰጣ አንሶላ ጋር ተጋፍተን ቆምን። አንሶላውን ገለጥኩ። ሸንተረሩ እዚያ አለ፣ ባሕር ዛፉን ለብሶ። ጋሽ ቢራቱ ሲያዩት ፊታቸው በራ፤ የጠፋ ልጁን ታክሲ ውስጥ ያገኘ ሰው መሰሉ። ዓይናቸው ከግራ ጀመረ። አንዱ ጉብታ ላይ ዐረፈና «ነገዎ» አሉ። ቀጥሎ ወዳለው ገላጣ ሜዳ ሄደና «ሮቢ!» አሉ። ዛፉ የሳሳበት አንገት ላይ ደረሰና «ጉደታ!» አሉ። በደስታ የአቶ ለገሠን እጅ ጨበጥኩ።

ከዚያ ዓይናቸው ወደ ቀኝ ቀጠለና ከአዲስ ሕንፃ ጋር ተጋጨ። ከፊት ለፊታችን ቀለም እንኳ ያልተቀባ፣ እንጨት የተደገፈ፣ ገና እያደገ ያለ ፎቅ ቆሟል።

«እዚያ ላይ ነበር» አሉ ጋሽ ቢራቱ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ።

«ማን?» አልኩ።

«እሱ ነዋ! ፎቅ ሠርተውበታል።»

ፎቅ የማይሠራበት ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። እርሻ ላይ ይሠራል፣ ወንዝ ዳር ይሠራል፣ ልጅ ሆነን ኳስ የተራገጥንበት ሜዳ ላይ ተሠርቷል። ቅም ቅማያት ላይ መሠራቱን ግን ያን ቀን ሰማሁ። ጋሽ ቢራቱ አንገታቸውን አስግገው ሕንፃውን ዞረው ሊያዩ ሲሞክሩ ከሽንኩርቱ ጋር እንዳይወድቁ ወይዘሮ ጌጤ ራሳቸው ጋቢያቸውን ያዟቸው። ቀስ በቀስ ነገሩ እሳቸውንም ሳይስባቸው አልቀረም። ከወዲያኛው ቤት መስኮት ይታያል፣ ሸምሱ ቤት እንሂድ ብለው ያዘዙን እሳቸው ናቸው።

ሸምሱ ከታች ሱቅ ያለው፣ ከስልጤ የመጣ ጎረቤታቸው ነው። በሩን ከፍቶ ጋቢና ነጠላ የለበሱ ሽማግሌዎች ተሰልፈው ሲያይ የሞተ ሰው ያለ መስሎት ፊቱ ተለወጠ። ተራራ ልናይ ነው አልነው። አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ግቡ አለን፤ ጫማችሁን ብቻ አውልቁ አለ። አወለቅን። የጋሽ ቢራቱ አውራ ጣት ከካልሲያቸው ብቅ ብሎ ሁላችንንም ሰላም አለን። ተራራው የሚታየው ከመኝታ ቤቱ መስኮት ስለሆነ፣ ሁላችንም በካልሲ እየተንሸራተትን አልጋና ትልቅ ቁም ሳጥን መሐል ገባን። ሕይወትና ሜሮንም ተከትለውን በሩ ላይ ቆሙ።

ጋሽ ቢራቱ እንደገና ከግራ ጀመሩ። ነገዎ፣ ሮቢ፣ ጉደታ። ፎቁ እዚህ ጋ ወደ ጎን ቀርቷል። ዓይናቸው ሳይደናቀፍ አለፈና ክብ ኮረብታ ላይ ዐረፈ።

«ሰንበቶ» አሉ በቀስታ፣ እንደ ሰላምታ። ለካ ፎቁ የተሠራው ሰንበቶ ላይ ኖሯል።

ሸምሱ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አጨበጨበ። አንድ ቀረ። ወይዘሮ ጌጤ ወደ ፊት ጠጋ ብለው «የሰንበቶ አባትስ?» አሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የጋሽ ቢራቱ ዓይን እንደ ቀድሞው ሄደ፣ ሸንተረሩ ሊያልቅ ሲል ያለው የመጨረሻ ጫፍ ላይ ዐረፈ። ቆየ። ስሙ እንደመጣላቸው አየሁ። ከንፈራቸው ተላቀቀ፣ ጥርሳቸው ገጠመ። «ጅ» ለማለት ጥርስ ይገጥማል፤ አሁን በያላችሁበት ሞክሩት። የወይዘሮ ጌጤ ሰባተኛ ጅማ መሆኑን አልረሳሁም። ጋሽ ቢራቱም አልረሱም። ዓይናቸውን ከተራራው ነቀሉና ወደ በሩ መለሱ። ሕይወት እዚያ ቆማ፣ የሜሮንን እጅ እንቅ አድርጋ ይዛለች። አይተዋት ሲያበቁ፣ ዓይናቸው ከእሷ ወርዶ ክፍሉን ዞረ። ቁም ሳጥኑ ላይ ቆመ።

«ኩምሳ» አሉ።

«ኩምሳ» አሉ ወይዘሮ ጌጤም፣ ቃሉን እንደሚቀምስ ሰው። ከዚያ «ደህና። አይነካካም» አሉ። ሕይወት ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች፣ አቶ ለገሠ ሳሟት፣ ሸምሱ የቤቱን ለስላሳ ሁሉ ከማቀዝቀዣ አወጣ። እኔና ሜሮን ተያየን። የዓይን ነገር ለምታጠና ልጅ ይህ አይሰወርም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሜሮን አላስቻላትም፣ ጋሼ ሰባተኛውን ከየት አመጡት አለቻቸው። ጋሽ ቢራቱ ዓይናቸውን ከመንገዱ አልነቀሉም።

«ማሽንሽን ትተሽ ነው የመጣሽው» አሏት። «ተመስገን ነው።»

እኔ ደግሞ ጥርሳቸው ሲገጥም ማየቴን ነገርኳቸው። በጅ የሚጀምር ሰው ብዙ ነው፣ ጅሩም አለ፣ ጅባትም አለ ብለው አፌን ዘጉኝ። ካራ ሲደርሱ ግን ከመኪናው ከመውረዳቸው በፊት ትከሻዬን ይዘው፣ ሁለት ልጆች ሲዋደዱ አይቶ የሞተ ሰው መሐላቸው የሚያስገባ ሽማግሌ እሱ ራሱ ሽማግሌ ሊላክበት ይገባል፣ ኃጢአቱን እኔ እሸከመዋለሁ አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም አልቀረልኝም።

ሠርጉ ካራ ላይ ተደገሰ። ዳዊት አንገቱ ሞልቶ፣ ሱፉ አምሮበት፣ ሕይወትን ይዞ ሲገባ አገሩ ሁሉ ቆመ። ምሳ ተበልቶ ጭፈራው ሲደምቅ ወይዘሮ ጌጤ ከጎኔ መጥተው ተቀመጡ። ዛሬ ጀርባቸው ወንበሩን ነክቷል። ጥቂት እጃቸውን ካጨበጨቡ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ስማ፣ ያን ቀን አጎትህ ቁም ሳጥኑን አይተው ነው አይደል ኩምሳ ያሉት?»

የያዝኩት ጠጅ ትን አለኝ። ጀርባዬን እየመቱ፣ አይዞህ አትደንግጥ አሉኝ።

«እኔስ ማን ሆንኩና ነው የምፈርድ? አያና ላይ ስደርስ ድርግም አለብኝ። ተራራ ስጡኝ የሚልልኝ ሰው የለኝ። ቀና ስል ቡፌው ላይ የማር ቆርቆሮ አለ፤ የጅማ ማር ይላል።»

አየኋቸው። እየቀለዱ አልነበረም። ታዲያ እውነተኛው ሰባተኛዎ ማን ናቸው ብላቸው ዓይናቸውን ወደ ዳሱ ጣሪያ ሰቅለው ብዙ ቆዩ፣ ብዙ ፈለጉ፣ ከዚያ እጃቸውን አራግፈው ሊጨፍሩ ተነሡ።

እንግዲህ ጋሽ ቢራቱ ያን ሁሉ ጭንቅ አምጠው የዋሹት ከአንድ ቆርቆሮ ማር ለማምለጥ ነው። ልነግራቸው ተነሣሁ። ከሙሽሮቹ አጠገብ በክብር ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ እጄን ስበው አስጎነበሱኝና፣ ያ ነገር ከእኔ፣ ከአንተና ከሜሮን እንዳያልፍ፣ አደራ አሉኝ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ኩራት ብታዩት! በዚያ ዕድሜያቸው ለፍቅር ሲሉ ታላቅ ነገር የፈጸሙ ሰው ፊት ነው። አያልፍም ጋሼ አልኳቸው፤ ቀና ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ሰው የተሸከመው ሸክም የሚያኮራው ከሆነ ባዶ ነው ብሎ ማውረድ ነውር ነው። እናንተም ካራ መንገድ ላይ ብታገኟቸው ሰላምታ ብቻ ስጧቸውና እለፉ።